መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ዊንዶውስ፦ ከባሕር ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ሰኔ 2016 ላይ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ከዊንዶውስ ጎን የተጫነበት ኮምፒውተር በአምስተኛው ቀን አልነሳ አለ። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ሞከሩት። አንዱ ኡቡንቱን አስነስቶ ዊንዶውስ እንዳይነሳ አደረገው፤ ሌላው ዊንዶውስ ሞቷልና ፎርማት ይደረግ ብሎ ፈረደ። ሦስተኛ ሰው እጅ ሲገባ የተገኘው ጥፋት ከሁለቱም ሲስተሞች ውጭ ነበር፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለች አንዲት ክብ ባትሪ አልቃለች።

ጉዳዩ መመዝገብ የሚገባው ባትሪ ማለቁ ብርቅ ስለሆነ አይደለም። ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ሁሉም ሰው መጨረሻ የተጫነውን ሲስተም ይወቅሳል፤ ያ ወቀሳ ደግሞ ጤነኛ ዲስክን እስከ ማስጠፋት ይደርሳል። እዚህም ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

## ቤቱና ማሽኑ

ቤቱ ጽሑፍ ይተይባል፣ ያትማል፣ ይጠርዛል። ግንቦትና ሰኔ ዋናው የሥራ ወቅት ነው፤ ተመራቂ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፣ ያርማሉ፣ ያትማሉ። ፍላሾቹ ሲዞሩ ስለሚውሉ ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ አይጠፋባቸውም። ኡቡንቱ እንዲጫን የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ቫይረሱ ኡቡንቱ ላይ አይሠራም፤ የተደበቁት ፎልደሮችም እዚያ እንደማንኛውም ፎልደር በግልጽ ይታያሉ። ሐሳቡ ፍላሽ በኡቡንቱ ተከፍቶ ከተጣራ በኋላ ኅትመቱ በዊንዶውስ እንዲሠራ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አሁንም የሚመከር ነው።

ማሽኑ ያገለገለ ታወር ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተሠራ፣ 8 ጊጋባይት ራምና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው። የዚያ ዘመን ማዘርቦርዶች በሁለት መንገድ ይነሳሉ። አንዱ ሌጋሲ የሚባለው የድሮው የባዮስ መንገድ ሲሆን ሌላው ዩኢኤፍአይ ነው። በሌጋሲ ማዘርቦርዱ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ያነብና እዚያ ላይ ያለውን አጭር ኮድ ያስኬዳል። በዩኢኤፍአይ ግን ያንን ቦታ አይጠይቅም፤ በፋት32 የተዘጋጀ ኢኤፍአይ የሚባል ትንሽ ክፍል ውስጥ ገብቶ ሲስተሙን የሚያስነሳውን የቡት ሎደር ፋይል በቀጥታ ይከፍታል። የትኛውን ፋይል ቀድሞ እንደሚከፍት የራሱ ዝርዝር አለው።

ይህ ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣ የተሞላለት ምርጫ ሌጋሲ ነው፤ ዲስኩን የሚያነጋግርበት መንገድ፣ ማለትም የዲስክ መቆጣጠሪያው፣ ሬይድ ከሚባለው ምርጫ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት መጀመሪያ ዊንዶውስ 10 የጫነው ሰው የመጀመሪያውን ወደ ዩኢኤፍአይ፣ ሁለተኛውን ኤኤችሲአይ ወደሚባለው ሌላ ምርጫ ቀይሮ፣ ዲስኩን ጂፒቲ በሚባለው የአከፋፈል ሥርዓት ከፋፍሎ ነው የጫነው። ትክክል ሠርቷል። ሁለቱ ለውጦች ግን የተቀመጡት መብራት በሌለበት ሰዓት በባትሪዋ ኃይል በሚቆይ የሴቲንግ ማስታወሻ ውስጥ ነው።

ኡቡንቱ 22.04 የተጫነውም በትክክል ነበር። ከዊንዶውስ ድራይቭ ሲ 80 ጊጋባይት ተቀንሶ፣ ፍላሹ በዩኢኤፍአይ ተነሥቶ፣ ነባሩን ኢኤፍአይ ክፍል እየተጋራ ገባ። ማሽኑ ሲከፈት ሲስተም የሚያስመርጠው የኡቡንቱ ቡት ሎደር፣ ግራብ፣ በዝርዝሩ ሁለቱንም ሲስተሞች አሳየ። ለአምስት ቀን ችግር አልነበረም፤ ሠራተኛዋ ያነሣችው አንድ ቅሬታ ብቻ ነው፦ ኡቡንቱን ተጠቅማ ወደ ዊንዶውስ ስትመለስ ሰዓቱ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። «ኡቡንቱ ሰዓት ያበላሻል» ተባለና ታለፈ። ይህች አነጋገር በኋላ ብዙ አሳስታለች።

በዚያው ሳምንት ማንም ከጉዳዩ ጋር ያላያያዘው ሌላ ነገርም ተከሰተ። የቤቱ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) ከአገልግሎት ወጣ፤ ኮምፒውተሩም ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት በሚመጣ ተራ ማከፋፈያ ላይ ተሰካ።

## ብልሽቱ

ቅዳሜ ማታ ዝናብና መብረቅ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ አደረ። ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ሲከፈት ሦስት ጊዜ ጮኸና የሴቲንግ ስሕተት እንዳለ የሚናገር፣ ለመቀጠል ኤፍ1 ተጫኑ የሚል ጽሑፍ አወጣ። ሠራተኛዋ ኤፍ1 ተጫነች። ጥቁር ስክሪን ላይ የሚነሳ ዲስክ አልተገኘም የሚል አንድ መስመር መጣ።

በኋላ ስትጠየቅ «ከዚህ በፊትም አንድ ሁለቴ ጮኾ ያውቃል፤ ኤፍ1 ስንጫነው ያልፋል» ብላለች። ዩፒኤሱ በደኅና ዘመኑ አልፎ አልፎ ሲዳከም ምልክቱ ታይቶ ነበር ማለት ነው፤ ኤፍ1 የሚለው ጽሑፍ ግን ማንበብ የማያሻው የዘወትር ነገር ሆኖ ነበር።

## የመጀመሪያው ጥገና

የመጀመሪያው ጠጋኝ የሠፈሩ ወጣት ነው፤ ኮምፒውተር ያውቃል። የኡቡንቱ ፍላሹን ሰክቶ አስነሳና ቡት ሪፔር የተባለውን የቡት ችግር መጠገኛ ፕሮግራም አስኬደ። ፕሮግራሙ ዲስኩ ጂፒቲ ስለሆነ 1 ሜጋባይት የሆነ ለባዮስ ቡት የሚሆን ክፍል ያስፈልጋል አለው። ከኡቡንቱ ክፍል ጫፍ ቆርሶ ሠራለትና ጥገናው ተጠናቀቀ። ማሽኑ ሲነሳ ኡቡንቱ መጣ፤ ዊንዶውስ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የሆነው ይህ ነው። ሴቲንጉ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ስለተመለሰ ማዘርቦርዱ ሌጋሲ ላይ ነበር፤ ፍላሹም የተነሳው በሌጋሲ ነው። ቡት ሪፔር ራሱ በተነሳበት መንገድ ስለሚያስብ ለሌጋሲ የሚሆን ግራብ ተከለ፣ ለዩኢኤፍአይ የነበረውን ፓኬጅ አነሳ። ግራብ በሌጋሲ ሲነሳ ደግሞ በዩኢኤፍአይ የተጫነን ዊንዶውስ ማስነሳት አይችልም፤ የዊንዶውስ ቡት ሎደር የዩኢኤፍአይ ፋይል ነው፣ የሚሠራውም ዩኢኤፍአይ ሥር ብቻ ነው። ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገው ኦኤስ ፕሮበርም በሌጋሲ ሲሠራ ኢኤፍአይ ክፍሉን ፈትሾ ዊንዶውስን አያስመዘግብም። ዊንዶውስ አልጠፋም ነበር፤ አንድም ፋይሉ አልተነካም። የተዘጋው ወደ እሱ የሚወስደው በር ነው።

ወጣቱን መውቀስ አይገባም። ፕሮግራሙ ክፍል ሥራ ሲለው ሠራ፤ ሥራው ተሳካም አለው። ፕሮግራሙ ያልጠየቀው፣ እሱም ያልጠየቀው፣ ባለፈው ሳምንት ያላስፈለገ ክፍል ዛሬ ለምን አስፈለገ የሚለውን ነው። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ጉዳዩ በዕለቱ ያልቅ ነበር።

## ሁለተኛው ሙከራ

ሁለተኛው ሰው የተሻለ ገመተ። ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም የማዘርቦርዱ ሴቲንግ ገጽ ውስጥ፣ ገብቶ ሌጋሲን ወደ ዩኢኤፍአይ ቀየረ። የዊንዶውስ ዓርማ ታየ፣ ነጥቦቹ ዞሩ፣ ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፦ ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ። ዳግም ሲነሳም ያው ነው። ዊንዶውስ ተበላሽቷል፣ መፍትሔው ፎርማት ነው አለ።

ሰውየው ከሁለቱ ሴቲንጎች አንዱን መልሶ ሁለተኛውን ረስቷል። የዲስክ መቆጣጠሪያው አሁንም ሬይድ ላይ ነበር። በኤኤችሲአይ የተጫነ ዊንዶውስ መቆጣጠሪያው ድንገት ሬይድ ሲሆንበት ሲነሳ የሚጭነው ድራይቨር ስለማይገጥም የራሱን ዲስክ ማየት ይሳነዋል፤ ያ ሰማያዊ ስክሪን የሚለውም ይህንኑ ነው። ኡቡንቱ ግን በዚህ ማሽን ላይ ያለውን አንድ ተራ የሳታ ዲስክ መቆጣጠሪያው ሬይድም ላይ ሆኖ ያነበዋል። «ኡቡንቱ ይሠራል፣ ዊንዶውስ አይሠራም፣ ስለዚህ የተበላሸው ዊንዶውስ ነው» የሚለው መደምደሚያ የመጣው ከዚህ ነው።

የቤቱ ባለቤት ፎርማቱን እሺ አላሉም። ዲስኩ ላይ ያሉት የተማሪዎች ጽሑፎች ናቸው፤ ፍላሻቸው በቫይረስ ተበልቶ ሌላ ቅጂ የሌላቸው ልጆችም ነበሩ። ለሦስተኛው ጠጋኝ የነገሩት ይህንን ነው፦ «ልጄ፣ ማሽኑ ይቅርብኝ፤ የልጆቹን ጽሑፍ ብቻ አውጣልኝ።» ከዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ትልቁ ትክክለኛ ውሳኔ የእሳቸው እንቢታ ነበር።

## ከመንካት በፊት የተደረገው ምርመራ

ሦስተኛው ጠጋኝ መጀመሪያ የጠየቀው መብራት መቼ መቼ እንደጠፋና በዚያ ሳምንት ቤቱ ውስጥ ሌላ ምን እንደተለወጠ ነው። የዩፒኤሱ ነገር የወጣው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑን ከማከፋፈያው ነቅሎ አሥር ደቂቃ ያህል አቆየውና መልሶ ሰክቶ ከፈተው። ጮኸ፤ ኤፍ1 አለ። ኤፍ1 ሳይሆን ወደ ሴቲንግ የሚያስገባውን ቁልፍ ተጫነ።

ሴቲንጉ ውስጥ ያለው ቀን ጃንዩወሪ 1፣ 2012 ይላል፤ ሰዓቱ ከዜሮ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቆጥሯል። ሁለተኛው ሰው ከሰዓታት በፊት የቀየረው ዩኢኤፍአይም ወደ ሌጋሲ ተመልሷል። ያለፉት ሁለት ሰዎች ይህንን ቀን ሳያዩት አልቀሩም፤ ግን ወቅቱ በእኛ አቆጣጠር 2016 ስለነበር 2012 የሚለው ቁጥር እንግዳ አልሆነባቸውም። አንዱ ሲጠየቅ ሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላውና ሳይታደስ የቆየ መስሎኝ ነበር ብሏል። እኛ አገር ይህ ስሕተት በቀላሉ ይደጋገማል፤ የባዮስ ቀን ሁልጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር መነበብ አለበት።

ኡቡንቱ ላይስ ቀኑ ለምን አልታየም? ኡቡንቱ ሲነሳ የማዘርቦርዱ ሰዓት መጨረሻ ከሚያስታውሰው ጊዜ ወደ ኋላ ከሆነበት የራሱን ማስታወሻ ይወስዳል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ደግሞ ትክክለኛውን ሰዓት ከኔት ያመጣል። ስለዚህ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቀን ቢሳሳት በአንድና በሁለት ቀን ነው። እውነቱን የሚያወጣው ታይም ዴት ሲቲኤል የሚለው ትእዛዝ ነው። ከሚሰጣቸው መስመሮች ውስጥ አርቲሲ ታይም የሚለው የማዘርቦርዱን ሰዓት ለብቻው ያሳያል። ኢንተርኔት ሳይገናኝ በፍላሽ በተነሳው ኡቡንቱ ላይ ሲታይ የላይኛው መስመር የቅርብ ዓመት፣ የአርቲሲው መስመር 2012 ይል ነበር።

እዚህ ጋ ሁለቱን የሰዓት ችግሮች መለየት ያስፈልጋል። በሦስት ሰዓት መዘግየት የባትሪ ምልክት አይደለም። ኡቡንቱ ማዘርቦርዱ ላይ የሚያስቀምጠው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ግን እዚያ ያለውን የአገር ውስጥ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም ልዩነቱ ልክ ሦስት ሰዓት ይሆናል። በዓመታት ወደ ኋላ መሄድ ግን ባትሪ ነው። ሠራተኛዋ ያየችው የመጀመሪያውን፣ ባዮስ የሚያሳየው ሁለተኛውን ነው፤ ሁለቱም «ኡቡንቱ ሰዓት ያበላሻል» በሚለው ስም ስለተጠሩ አንዱ ሌላውን ሸፈነው።

ቀጥሎ ዳታ ማውጣት ነበር። በፍላሽ የተነሳው ኡቡንቱ የዊንዶውሱን ክፍል ሲከፍት ለንባብ ብቻ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ምክንያቱ ፋስት ስታርትአፕ ነው፤ ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነው የሚቆየው። ለመቅዳት ንባብ በቂ ስለሆነ እንዳለ ተተወ። የእንቅልፉን ፋይል አስገድዶ አጥፍቶ ለመጻፍ መክፈት ይቻላል፤ ዳታ ገና ባልወጣበት ዲስክ ላይ ግን ይህን ማድረግ አይገባም። 62 ጊጋባይት ወደ ውጫዊ ዲስክ ለመቅዳት ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀ። ከዚያም የቤቱ ባለቤት ራሳቸው አምስት ፋይሎችን በዘፈቀደ መርጠው በሌላ ላፕቶፕ ከፍተው አዩ። ሳይከፈት የተቀመጠ ቅጂ ባክአፕ ተብሎ አይቆጠርም።

## ባትሪው

ማሽኑ ከመብራት ተነቀለ፤ የመክፈቻ ቁልፉ ለአሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ተይዞ የቀረው ኃይል ወጣ። ጎኑ ሲከፈት ባትሪዋ ከዲስኩ ገመድ ሥር፣ አቧራ ለብሳ ተገኘች። ሲአር2032 ናት፤ ስሟ የ3 ቮልት ባትሪ ነው። በመልቲሜትር ስትለካ 2.1 ቮልት አሳየች። አዲስ ከሆነ ከ3 በላይ ማሳየት አለበት፤ ከ2.7 ገደማ ሲወርድ መቀየሩ ይሻላል።

ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የተገዛው የመጀመሪያው ምትክ፣ ማሸጊያው ሳይከፈት የኖረ ቢሆንም፣ ሲለካ 2.8 ነበር። ተመልሶ 3.2 የሚያሳይ ተመረጠ። መልቲሜትር ይዞ ሱቅ መሄድ እንደ ማጋነን ሊታይ ይችላል፤ ግን መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት የቆየ ባትሪ መግጠም ይህንኑ ችግር ለጥቂት ወራት አስተላልፎ መቅጠር ነው።

መግጠሙ ቀላል ነው። የመያዣዋ ብረት ምላስ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ተብሎ ወደ ጎን ሲገፋ ባትሪዋ ራሷ ትዘላለች፤ አዲሷ የመደመር ምልክቷ ወደ ላይ ሆኖ ትጫናለች። ካቻቢቴው ማዘርቦርዱን እንዳይጭር እጅ ይደገፋል፤ ከመጀመሩ በፊትም የሳጥኑን ብረት መንካት ሰውነት ላይ ያለውን ስታቲክ ያወርዳል።

ባትሪ ተቀይሮ ሲከፈት ማሽኑ አንዴ መጮኹ ደንብ ነው፤ ማስታወሻው ባዶ ስለሆነ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ተገብቶ ሦስት ነገር ተሞላ፦ ቀንና ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የቡት መንገዱ ዩኢኤፍአይ፣ የዲስክ (የሳታ) መቆጣጠሪያው ኤኤችሲአይ። ሴቭ ተደርጎ ሲወጣ ዊንዶውስ ቀጥ ብሎ ተነሳ። ፎርማት ይደረግ የተባለው ዊንዶውስ ያለ አንዳች ጥገና ዴስክቶፑን አሳየ፤ ሠራተኛዋ ያልታተሙትን ጽሑፎች ወዲያው ማተም ጀመረች። ቀሪው ሥራ እስከ ማታ ቆየ።

## ግራብን ወደ ቦታው መመለስ

አሁን ዊንዶውስ ይነሳል፣ ኡቡንቱ ግን በዩኢኤፍአይ የሚነሳበት ፓኬጅ ተነሥቷል። ከሥራው በፊት ዊንዶውስ ውስጥ ፋስት ስታርትአፕ ተዘጋ። ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ፣ ቢትሎከር፣ መኖር አለመኖሩም ታየ። እዚህ ማሽን ላይ አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ የቡት ሴቲንግ ከመነካቱ በፊት ባለ 48 አሃዙ የመክፈቻ ቁልፍ በወረቀት መጻፍ ነበረበት።

ፍላሹ ሲሰካ በቡት ዝርዝሩ ላይ አንዱ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ አንዱ ዩኢኤፍአይ የሚል ቅጥያ አለው፣ ሌላው የለውም። መጀመሪያ የተመረጠው ቅጥያ የሌለው ሆነ። ስሕተቱ የተያዘው ምንም ነገር ከመጻፉ በፊት ነው፤ ምክንያቱም ተርሚናል ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ ሲስ በሚለው ማውጫ ውስጥ ባለው ፈርምዌር ሥር ኢኤፍአይ የሚባል ፎልደር መኖሩን ማየት ነው። ካለ ሲስተሙ በዩኢኤፍአይ ተነሥቷል፤ ከሌለ በሌጋሲ ነው። አልነበረም። ማሽኑ ተዘግቶ በትክክለኛው ምርጫ እንደገና ተነሳ። ይህ አሥር ሰከንድ የማይፈጅ ምርመራ የመጀመሪያው ጠጋኝ እጅ ላይ ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ ያኔውኑ መልክ ይይዝ ነበር።

ኡቡንቱ የዲስክ ክፍሎችን ኤስዲኤ1፣ ኤስዲኤ2 እያለ ይጠራል። የዲስኩ አከፋፈል ሲታይ ኤስዲኤ1 የኢኤፍአይ ክፍል ነው፣ 100 ሜጋባይት። ኤስዲኤ2 ማይክሮሶፍት ለራሱ የሚይዛት 16 ሜጋባይት፣ ኤስዲኤ3 ድራይቭ ሲ፣ ኤስዲኤ4 የዊንዶውስ ሪከቨሪ፣ ኤስዲኤ5 ኡቡንቱ፣ ኤስዲኤ6 ወጣቱ የቆረሳት 1 ሜጋባይት። ቁጥሮቹ በየማሽኑ ስለሚለያዩ ከሌላ ቦታ ተቀድተው አይጻፉም፤ ከራሱ ከማሽኑ መነበብ አለባቸው።

ሥራው የተጫነው ኡቡንቱ ውስጥ ከፍላሽ ሆኖ መግባት ነው፤ ቺሩት ይባላል። ኤስዲኤ5 ኤምኤንቲ በሚባለው ማውጫ ላይ ተያያዘ፤ በእሱ ውስጥ ባለው ቡት፣ ከዚያ ኢኤፍአይ በሚለው ፎልደር ላይ ኤስዲኤ1 ተያያዘ። ቀጥሎ ዴቭ፣ ፕሮክና ሲስ የሚባሉት ሦስት ማውጫዎች ከፍላሹ ሲስተም ወደ ውስጥ ተያያዙና ተገባ።

ሁለት ነገር አልሠራም። ለዩኢኤፍአይ የሚሆነውን የግራብ ፓኬጅ ግራብን ከሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም፣ ከሺም፣ ጋር ለማውረድ የስልክ ኢንተርኔት በዩኤስቢ ተሰጥቶ ነበር፤ ፍላሹ ላይ ብሮውዘሩ ይከፍታል፣ ቺሩት ውስጥ ግን ሰርቨሩን ማግኘት አልተቻለም። ኡቡንቱ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ የሚፈታበት ፋይል የሚያመለክተው ራን ወደሚባለው ማውጫ ነው፤ ራን ደግሞ አልተያያዘም ነበር። ወጥቶ ራንን ጨምሮ ሲገባ ፓኬጁ ወረደ። ሁለተኛው፣ ግራብ ኢንስቶል ሲታዘዝ የኢኤፍአይ ቫሪያብሎችን (የማዘርቦርዱ የቡት ዝርዝር የሚቀመጥባቸውን) መጻፍ አልቻልኩም አለ። ሲስ ሲያያዝ በውስጡ ያለው ኢኤፍአይ ቫርስ የተባለው ክፍል አብሮ አልመጣም፤ እሱ ለብቻው ከተያያዘ በኋላ ትእዛዙ ያለ ስሕተት አለቀ። የመጀመሪያው ስሕተት ሥራውን ስለሚያቆም ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛው ግን እንደ ተራ ማስጠንቀቂያ ሊታለፍ ይችላል፤ ከታለፈ ፋይሎቹ ኢኤፍአይ ክፍሉ ላይ ይጻፋሉ፣ የማዘርቦርዱ ዝርዝር ላይ ግን ኡቡንቱ የሚል ስም አይገባም። ሰውየው ማሽኑን ሲያስነሳ ዊንዶውስ ብቻ ይመጣና ድካሙ ሁሉ ከንቱ የሆነ ይመስለዋል።

ከዚያ ኡቡንቱ ሲነሳ የሚያያይዛቸው ክፍሎች የሚዘረዘሩበት፣ ኤፍኤስታብ የሚባለው ፋይል ተከፈተ። ኢኤፍአይ ክፍሉን በየጊዜው የሚያያይዘው መስመር መጀመሪያው ላይ የቁጥር ምልክት (#) ተጨምሮበት ከሥራ ውጭ ሆኖ ነበር፤ የመጀመሪያው ጥገና ቅሪት ነው። ምልክቱ ተነሳ፣ የክፍሉ መለያ ቁጥር ከዲስኩ ጋር ተመሳከረ። ይህ መስመር ተዘግቶ ቢቀር ማሽኑ ዛሬ ይነሳል፤ በሌላ ቀን ግራብ አፕዴት ሲሆን ግን አዲሱ ፋይል ኢኤፍአይ ክፍሉ ላይ ሳይሆን ባዶ ፎልደር ውስጥ ይጻፋል።

የግራብ ዝርዝር ሲታደስ ዊንዶውስ አልገባም። ከግራብ 2.06 ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን መፈለግ ከመጀመሪያው የተዘጋ ነው፤ ዝርዝሩ ሲታደስም ኦኤስ ፕሮበር አይሠራም የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። በግራብ የሴቲንግ ፋይል ውስጥ ኦኤስ ፕሮበርን ዝጋ የሚለው መስመር ፎልስ ሆኖ ተጻፈና አፕዴት ግራብ ሲደገም ዊንዶውስ ቡት ማናጀር ኤስዲኤ1 ላይ ተገኘ። በመጨረሻም በኢኤፍአይ ቡት ማናጀር ትእዛዝ ኡቡንቱ አንደኛ፣ ዊንዶውስ ሁለተኛ ሆነው ተሰለፉ።

የቀረው የመጀመሪያው ጥገና የተከለው የሌጋሲ ኮድ ነው። መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን ሴቲንጉ ተመልሶ ሌጋሲ ቢሆን ማሽኑ ግማሽ ሠርቶ ኡቡንቱን ብቻ ያስነሳል፤ ዳግም «ዊንዶውስ ጠፋ» ይባላል። ቁርጥ ያለ ብልሽት ግማሽ ከሚሠራ ማሽን ይሻላልና ኮዱ ተደመሰሰ። የሚደመሰሰው የዲስኩ የመጀመሪያ 440 ባይት ብቻ ነው። 512 ቢጻፍ የጂፒቲውን መከላከያ ሰንጠረዥ አብሮ ያጠፋዋል። ቁጥሩን ሁለት ሰው ካላየው በቀር ይህንን እርምጃ አለመሥራቱ ይመረጣል፤ ብዙ ማሽን ላይ ሳይደመሰስ ቢቀርም ችግር የለውም።

የሦስት ሰዓቱ ነገር ኡቡንቱ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አገር ውስጥ ሰዓት እንዲያነብ በአንድ ትእዛዝ ተነገረውና ተዘጋ። ዊንዶውስን በሬጅስትሪ ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ማምጣትም ይቻላል፤ የበለጠ ንጹሕ መንገድ እሱ ነው፤ ግን ይህ ቤት ዊንዶውስን በየዓመቱ እንደ አዲስ ስለሚያስጭን ሴቲንጉ ኡቡንቱ ላይ እንዲቀመጥ ተመረጠ።

## ማረጋገጫው

ማሽኑ ተነሳ ተብሎ ገንዘብ አልተጠየቀም። ማታ ሶኬቱ ተነቅሎ አደረ፤ ጠዋት ሲሰካ ጩኸት የለም፣ ቀኑ ትክክል ነው፣ የግራብ ዝርዝር መጣ። በሁለተኛው ሌሊትም ተደገመ። ኮምፒውተር ተዘግቶም ቢሆን ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ማዘርቦርዱ ከፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ኃይል ያገኛልና ባትሪው አልቆም ሴቲንጉ ላይጠፋ ይችላል። ዩፒኤሱ በደኅናው ዘመን የዚህን ማሽን ባትሪ ድካም የሸፈነው በዚህ መንገድ ነው። ዳግም አስነስቶ ማየት ብቻውን ባትሪን አይፈትንም፤ የሚፈትነው ነቅሎ ማሳደር ነው።

## ሌላ ማሽን ላይ የሚሠራው

ኮምፒውተር ሲስተም ከተጫነበት በኋላ አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው ሲስተም ተበላሸ ሳይሆን ማዘርቦርዱ አሁን በየትኛው መንገድ ነው ያለው፣ ሲስተሞቹስ በየትኛው ነው የተጫኑት የሚለው ነው። ዊንዶውስ ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ ባዮስ ሞድ የሚለው መስመር ይናገራል፤ ኡቡንቱ ላይ ከላይ የተጠቀሰው ፎልደር። ሁለቱ ካልተስማሙ ምንም ጥገና አይጀመርም፤ ጥገናው በተሳሳተው መንገድ ይገባና ሌላ ችግር ይወልዳል።

ላፕቶፕ ላይ ይህ ጉዳይ ብዙም አይታይም፤ ዋናው ባትሪ የሴቲንጉን ማስታወሻም ስለሚደግፍ ነው። አሮጌ ታወር ግን፣ በተለይ ሁለቱንም መንገድ የሚያውቀው ከ2010 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተሠራው፣ ባትሪውን ሳይለኩ ሁለት ሲስተም ባይጫንበት ይመረጣል። ዕድሜው ካልታወቀ ሲስተም በሚጫንበት ቀን አብሮ መቀየር ነው።

ሴቲንግ ሲጠፋ አንድ ምርጫ ብቻውን አይጠፋም። ቡት መንገዱን የመለሰ ሰው የሳታ መቆጣጠሪያውንም ማየት አለበት፤ ሰማያዊው ስክሪን ከመጣ ደግሞ ፎርማት ከማለት በፊት ሬይድንና ኤኤችሲአይን አቀያይሮ መሞከር ሁለት ደቂቃ ነው፣ የሴቲንጉ ለውጥ ራሱም ዲስኩ ላይ ምንም አይጽፍም። በስልክ ፎቶ የተነሳ የሴቲንግ ገጽ ለዚህ ትልቅ ረዳት ነው።

ማሽኑ ሲጮኽ የሚያወጣውን ጽሑፍ የሚያየው በየቀኑ የሚከፍተው ሰው ነው። ለፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኞች መነገር ያለበት ኤፍ1ን ከመጫን በፊት ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት ብቻ ነው።

## አሁን ያለበት

ከጥገናው በኋላ በመጣው ሳምንት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዷል፤ አንዴ ሌሊቱን ሙሉ። ማሽኑ ሦስቱንም አልፏል። ዩፒኤሱ ገና አልተተካም፤ ስለዚህ ሥራ ላይ እያለ መብራት ሲሄድ ያልተቀመጠ ጽሑፍ አሁንም ይጠፋል፣ ዲስኩም በሂደት ይጎዳል። በሳጥኑ የውስጥ ጎን በማርከር አራት መስመር ተጽፏል፦ ባትሪው የተቀየረበት ቀን፣ ዩኢኤፍአይ፣ ኤኤችሲአይ፣ ኤስዲኤ1። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ያቺን 2.1 ቮልት ባትሪ በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋታል፤ ቀጣዩ ፎርማት ይደረግ የሚል ሰው ሲመጣ ሊያሳዩት ነው።